ሰሊጡ ከመተማ፣ መርከቡ ከጅቡቲ፦ የምዕራብ ጎንደር ላኪዎች ረጅም መንገድና ሊቀነስ የሚችለው ወጪ

በምዕራብ ጎንደር ዞን ቆላማ ወረዳዎች የሰሊጥ አጨዳ የሚጀመረው የክረምቱ ዝናብ ቆሞ ምድሩ መጠንከር ሲጀምር ነው። ነዶው ታስሮ፣ በቆመበት ደርቆ፣ ተራግፎና በጆንያ ተሞልቶ ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ ዮሐንስ ሲጓጓዝ የአርሶ አደሩ የዓመት ድካም ከፍጻሜ የደረሰ ይመስላል። ምርቱን ገዝቶ ወይም ራሱ አምርቶ ወደ ውጭ ለሚልከው ነጋዴ ግን አስቸጋሪው ክፍል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት አንድ አነስተኛ ጅረት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ በገዳሪፍና በከሰላ በኩል ቀይ ባሕር ዳር ወደሚገኘው ፖርት ሱዳን የሚደርሰው የየብስ መንገድ ወደ ጅቡቲ ከሚወስደው መንገድ በግምት ግማሹን ያህል ነው። ይሁንና የመተማ ሰሊጥ ዛሬ ለድንበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጎንደር ደጋ ይወጣል፤ ከዚያም አገሪቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ ጅቡቲ ይደርሳል።

ይህ ጽሑፍ ምርቱ ይህን ረጅም መንገድ እንዲከተል ያስገደዱትን ምክንያቶች፣ በመንገዱ ላይ ወጪው የት የት እንደሚጠራቀም፣ እንዲሁም በማደግ ላይ ያለ የንግድ ድርጅት በራሱ እጅ ያለውን ወጪ እንዴት ሊቀንስ እንደሚችል ለተገልጋዮች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

መንገዱ ለምን ረዘመ?

መተማ የንግድ በር የሆነችው ዛሬ አይደለም። ጎንደር የመንግሥት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች የደጋውን ምርት ጭነው በዚህ በኩል ወደ ስናር ይወርዱ ነበር። ከተማዋ ዛሬ የምትጠራበት ስምም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው የመተማ ጦርነት ቆስለው በማግሥቱ ያረፉትን የአፄ ዮሐንስ 4ኛን መታሰቢያ የያዘ ነው። ንግድና ጸጥታ በዚህ ስፍራ ተነጣጥለው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቅርቡ ታሪካችን የኢትዮጵያ ዋነኛ ወደብ አሰብ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲቀሰቀስ የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ፖርት ሱዳን ለሰሜን ምዕራቡ የአገራችን ክፍል አማራጭ ሆኖ መታየት ጀመረ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ ለዓመታት ቤንዚን ከሱዳን በመተማ በኩል ይገባ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ።

ይህ አማራጭ የተጨናገፈው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም በተጀመረው ጦርነት ነው። ከዚያ ዕለት በኋላ በመተማ ድልድይ በኩል በብዛት የገባው ሸቀጥ ሳይሆን ሕይወቱን ለማዳን የሚሸሽ ሕዝብ ነበር። በሱዳን በኩል የባንክ አገልግሎት ተቋረጠ፤ የመድን ዋጋ ናረ፤ ከጦርነቱ ራቅ ብሎ የቆየው ፖርት ሱዳን ራሱ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በሰው አልባ አውሮፕላኖች ተደበደበ። አንድ ላኪ መንገድን የሚመርጠው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ዕቃው በሰዓቱ የሚደርስ መሆኑን፣ ክፍያው በባንክ የሚመጣ መሆኑንና ጉዳት ቢደርስ የሚጠየቅ አካል መኖሩን ጭምር ይመለከታል። በእነዚህ በሦስቱም መለኪያዎች አጭሩ መንገድ ለጊዜው ውዱ መንገድ ሆኗል።

በዚህ ረገድ ተገልጋዮች አንድ ነገር እንዲያጤኑ እናሳስባለን። የድንበር ንግዱ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ሰሊጥን በሕገወጥ መንገድ አሻግሮ ለመሸጥ የሚቀርቡ ግብዣዎች ይበረክታሉ። የሚቀርበው ዋጋ ማራኪ ቢመስልም ሻጩ የባንክ ዋስትና፣ መድንም ሆነ የሚካሰስበት ውል የለውም። በኮንትሮባንድ የተያዘ ዕቃ ይወረሳል፤ በወዲያኛው በኩል የተካደ ክፍያም በየትኛውም ፍርድ ቤት ሊጠየቅ የሚችልበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።

ሁለት ወደቦች፣ አንድ የታወከ ባሕር

በባሕር በኩል ያለውን ሁኔታ ለመረዳት ካርታውን ማየት ይጠቅማል። ፖርት ሱዳን የሚገኘው በቀይ ባሕር መካከል ነው። ጅቡቲ ደግሞ ከባብ ኤል መንደብ ሰርጥ በስተ ደቡብ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት ከጅቡቲ ወደ ቻይና የሚሄድ መርከብ ሰርጡን ሳያቋርጥ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል፤ ወደ ቱርክ፣ ወደ እስራኤልና ወደ አውሮፓ የሚሄደው ግን በሰርጡ አልፎ በስዊዝ ቦይ መውጣት ይኖርበታል።

ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከየመን በኩል በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት መሰንዘር ሲጀምር ብዙዎቹ ታላላቅ የመርከብ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ጫፏ በኩል መዞርን መረጡ። በእስያና በአውሮፓ መካከል በሚደረገው ጉዞ ላይ ይህ ከ10 እስከ 14 ቀናት ገደማ ይጨምራል። ስለሆነም ገዢው ቻይና ያለ የመተማ ላኪና ገዢው ቱርክ ያለ የመተማ ላኪ አንድ ዓይነት ሰሊጥ ከአንድ መጋዘን ቢጭኑም የሚገጥማቸው ስጋት የተለያየ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚልከውም ቢሆን ከጫናው ፈጽሞ አያመልጥም፤ መርከቦች መንገዳቸው ሲረዝም የሚመላለሱበት ጊዜ ይረዝማል፣ ባዶ ኮንቴይነር ወደ ጅቡቲ የሚደርስበት ጊዜ ይዘገያል፣ የጭነት ዋጋም በሁሉም መስመር ይጨምራል።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ትምህርት የሽያጭ ውልን ይመለከታል። ላኪው ኤፍ.ኦ.ቢ. ጅቡቲ በሚል ስምምነት የሸጠ እንደሆነ ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ያለውን ኃላፊነት ይሸከማል፤ የባሕር ጭነቱ ዋጋ የገዢው ነው። ሲ.አይ.ኤፍ. በሚል ከሸጠ ግን እስከ ገዢው ወደብ ያለውን የባሕር ጭነትና የመድን ዋጋ የሚከፍለው ራሱ ነው። ዋጋውን ዛሬ ቆርጦ ከሁለት ወር በኋላ የሚጭን ላኪ፣ በእነዚያ ሁለት ወራት የባሕር ጭነት ዋጋ ቢያሻቅብ ትርፉን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። የመርከብ ዋጋ በማይረጋበት ጊዜ አነስተኛ ካፒታል ያለው ድርጅት ኤፍ.ኦ.ቢ.ን መምረጡ፣ ወይም በሲ.አይ.ኤፍ. ከሸጠ የጭነት ዋጋውን ከመርከብ ወኪሉ ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ ማሰሩ ይመከራል።

ወጪው የሚጠራቀመው የት ነው?

ከመተማ እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዲስ አበባ በኩል አድርጎ ጅቡቲ የሚደርሰው ጭነት በአጠቃላይ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሌላው አማራጭ ከጎንደር ወደ ወረታ ወርዶ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና፣ በወልድያና በሚሌ አድርጎ ወደ ጋላፊ የሚወስደው መንገድ ሲሆን፣ የወረታ ደረቅ ወደብ በዚያ ስፍራ መገንባቱም ለዚህ የአገሪቱ ክፍል የሚገባውንና የሚወጣውን ጭነት በቅርበት ለማስተናገድ ታስቦ ነው። በክልሉ ያጋጠመው የጸጥታ ችግር ይህን መስመር በየጊዜው ሲያስተጓጉለው መቆየቱ አይካድም። በመሆኑም የጭነት አሽከርካሪው የትኛውን መንገድ እንደሚከተል ከመነሻው መወሰንና የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ማረጋገጥ የላኪው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ርቀቱ በኪሎ ሜትር አንድ ዓይነት ቢመስልም ዋጋው ግን በየክፍሉ ይለያያል። አገራችን ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ በክብደት እጅግ የበዛ ዕቃ ታስገባለች። ስለዚህ ከጅቡቲ ጭነው የገቡ ብዙ ተሽከርካሪዎች ወደ ወደቡ ባዶአቸውን ለመመለስ ይገደዳሉ፤ በዚህኛው የጉዞ ክፍል ላይ ላኪው የመደራደር ዐቅም አለው። በመተማ በኩል ያለው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ማዳበሪያና የእርሻ ግብዓት ወደ ቆላው የሚጓጓዘው ከዘር ወቅት በፊት ሲሆን ሰሊጡ የሚወጣው ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ነው። በመኸር ወራት ወደ መተማ የሚወርድ መኪና ባዶውን ስለሚወርድ ላኪው የሁለቱንም ጉዞ ዋጋ እንዲከፍል ይጠየቃል። በዚያ ላይ ሁሉም ሰው በአንድ ወቅት ስለሚጭን መኪና ይጠፋል።

ከዚህ አኳያ ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው፣ ጭነቱን በሁለት ከፍሎ መዋዋል ነው፦ ከመተማ እስከ ጎንደር ወይም እስከ ወረታ አንድ ውል፣ ከዚያ እስከ ጅቡቲ ሌላ ውል። ይህ የሚያዋጣው በመካከል የማራገፊያና የመጋዘን ወጪው ከቁጠባው ሲያንስ ብቻ ስለሆነ ስሌቱ በቅድሚያ መሠራት አለበት። ሁለተኛው፣ በዚያው ወቅት ወደ ቆላው ሸቀጥ ከሚያወርዱ ነጋዴዎች ጋር የመመለሻ ጭነት ስምምነት ማድረግ ነው። ለገንዳ ውኃና ለመተማ ገበያ የግንባታ ዕቃና የፍጆታ ሸቀጥ የሚያመጣ መኪና ሰሊጥ ጭኖ ቢመለስ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ።

ሌላው በቸልታ የሚታለፍ ወጪ የአፈርና የገለባ ማጓጓዣ ነው። የውጭ ገዢዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት 99 በመቶ ንጹሕ የሆነ ሰሊጥ ነው። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና ወደ 400 ኩንታል ይጭናል እንበል። ሰሊጡ 5 በመቶ ባዕድ ነገር ካለበት ከጭነቱ 20 ኩንታሉ አፈር፣ ገለባና ጠጠር ነው ማለት ነው። ማበጠሪያው ያለው መሀል አገር ከሆነ ላኪው ለእነዚህ 20 ኩንታሎች የመቶዎች ኪሎ ሜትር ዋጋ ከፍሎ በመጨረሻ ይጥላቸዋል። ምርቱን ከመነሻው አቅራቢያ ማበጠር፣ ባይቻል እንኳ በአጨዳና በማራገፍ ጊዜ ሸራ ተጠቅሞ ከአፈር መጠበቅ፣ በቀጥታ የትራንስፖርት ወጪ ቅነሳ ነው።

የቀናት ዋጋ

የትራንስፖርት ወጪ በደረሰኝ ይታያል፤ የመዘግየት ወጪ ግን አይታይም። ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ላኪ በዓመት 16 በመቶ ወለድ 5 ሚሊዮን ብር ተበድሮ 380 ኩንታል ሰሊጥ ገዛ እንበል። ይህ በ20 ጫማ ኮንቴይነር ሲሰላ ለሁለት ኮንቴይነር የሚበቃ ነው፤ አንዱ ወደ 19 ቶን ገደማ ስለሚይዝ። የብድሩ ወለድ በቀን ወደ 2,190 ብር ይሆናል። ዕቃው በሰነድ ጉድለት፣ በመኪና እጥረት ወይም በመርከብ መዘግየት 30 ቀን ተጨማሪ ቢቆም ወለዱ ብቻ ከ65,000 ብር ያልፋል፤ ይህም በኩንታል ከ170 ብር በላይ ነው። የመጋዘን ኪራይና የኮንቴይነር ማቆያ ቅጣት፣ በተለምዶ ዲመሬጅ የሚባለው፣ በዚህ ላይ ይደመራሉ። በመኪና ኪራይ ላይ በኩንታል አሥርና ሃያ ብር ለማስቀነስ ለቀናት የሚከራከር ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚያጣው ከዚህ በላይ ነው።

ሰነዶቹ ከዕቃው ይቅደሙ

ከሚያጋጥሙ መዘግየቶች መካከል ላኪው ራሱ ሊቆጣጠራቸው የሚችሉት በአብዛኛው ከሰነድ ጋር የተያያዙ ናቸው። ጦርነትንና የባሕር ስጋትን ማስቀረት የማይችል ነጋዴ ሰነዱን አስተካክሎ መነሣት ግን ይችላል። ስለሆነም መኪናው ከመጫኑ በፊት የሚከተሉት መሟላታቸው ይረጋገጥ፦

የታደሰ የላኪነት ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር።

ከገዢው ጋር የተፈረመና በሚመለከተው አካል የተመዘገበ የሽያጭ ውል፤ በባንክ በኩል የተሰጠ የወጪ ንግድ ፈቃድ።

የንግድ ደረሰኝና የጭነት ዝርዝር፤ በሁለቱም ላይ የሰፈረው ክብደት፣ የከረጢት ብዛትና የዕቃው ስም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም ገዢው የጠየቀ እንደሆነ ዕቃው በጢስ ከተባይ ነጻ መደረጉን የሚያረጋግጥ ሰነድ።

ከንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የሚሰጥ የሥሪት አገር ምስክር ወረቀት።

በጉምሩክ አስተላላፊ፣ ማለትም በትራንዚተር፣ በኩል የሚቀርብ ዲክላራሲዮን።

የኮንቴይነሩ የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደት። ከሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት ክብደቱ ያልተረጋገጠ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም።

ከእነዚህ ፈቃዶች በርካታዎቹን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት አማካይነት ማመልከት ስለሚቻል፣ ተገልጋዩ ለእያንዳንዱ ማኅተም ከገንዳ ውኃ አዲስ አበባ ድረስ እንዲመላለስ አይገደድም። ማመልከቻውን በትራንዚተሩ በኩል የሚያስገባ ላኪም ቢሆን የማመልከቻውን ቁጥርና የእያንዳንዱን ሰነድ ቅጂ በራሱ እጅ መያዝ ይገባዋል።

በኤል.ሲ. የሚከፈለው ላኪ ደግሞ አንድ ቀነ ገደብ በልቡ ሊይዝ ይገባል። በዓለም አቀፉ የሰነድ ብድር ደንብ መሠረት፣ ኤል.ሲ.ው ሌላ ቀን ካልወሰነ በስተቀር፣ የመርከብ ጭነት ሰነዱ ዕቃው ከተጫነበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀናት ውስጥና ኤል.ሲ.ው ሳይቃጠል ለባንክ መቅረብ አለበት። የአንድ ፊደል ስህተት ሰነዱን ሊያስመልስ ይችላል፤ ከ21 ቀናት ውስጥ አንድ ሳምንት ለእርማት እንዲተርፍ አድርጎ ማቀድ ብልኅነት ነው።

ክፍያው ከገባ በኋላ ያለው ሁኔታም ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ላኪዎች ከሚያስገቡት የውጭ ምንዛሪ 50 በመቶውን በሒሳባቸው እንዲይዙ ተፈቅዷል። ይህ የቀድሞውን ልማድ የሚለውጥ ነው። ቀደም ሲል ብዙ ነጋዴዎች ሰሊጥን በኪሳራ ጭምር የሚልኩት በሚያገኙት ምንዛሪ ዕቃ አስገብተው ለማካካስ ነበር። ምንዛሪው በገበያ ዋጋ በሚገኝበት ሁኔታ ግን የወጪ ንግዱ ራሱን ችሎ ማትረፍ አለበት፤ ከላይ የተዘረዘሩት የማጓጓዣና የመዘግየት ወጪዎችም ከቀድሞው ይልቅ ጎልተው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

አነስተኛ አምራች ምን ያድርግ?

ሁለት ኮንቴይነር የሚሞላ ሰሊጥ የሌለው አምራች በቀጥታ የመላክ ሐሳብ ላይዋጥለት ይችላል። ለእርሱ ቅርቡ መንገድ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ምርት ገበያው በመተማም የመረከቢያ መጋዘን ያለው ሲሆን፣ ምርቱ በዚያ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት በመጋዘን ደረሰኝ ይሸጣል። አምራቹ የማጓጓዣውን ስጋት ለገዢው አስተላልፎ ገንዘቡን በባንክ ይቀበላል። የሚያጣው ነገር ቢኖር ከጅቡቲ ዋጋ ጋር ያለውን ልዩነት ነው።

ያንን ልዩነት ለመጋራት የሚሻ አምራች በኅብረት ሥራ ማኅበርና በዩኒየን መደራጀት ይችላል። ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ኃምሳ አባላት እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ኩንታል ቢያዋጡ 400 ኩንታል፣ ማለትም አንድ ሙሉ መኪና ይሆናል። አንድ መኪና የሚሞላ ሰው ከባለመኪናው ጋር፣ ሁለት ኮንቴይነር የሚሞላ ደግሞ ከመርከብ ወኪሉ ጋር እኩል ተቀምጦ ይነጋገራል። ይህ ግን የሚሠራው የአባላቱ ሰሊጥ ተመሳሳይ ጥራት ሲኖረው ነው፤ የአንዱ አባል ያልተበጠረ ምርት የሁሉንም ደረጃ ያወርዳልና። የጥራት መስፈርቱን በመተዳደሪያ ደንብ አስቀድሞ መወሰን፣ ሲረከቡም ናሙና ወስዶ መመዝገብ ከኋላ የሚመጣን ጠብ ያስቀራል።

ዕቃ ለሚያስገቡ ድርጅቶች

ለትራክተር መለዋወጫ፣ ለማበጠሪያ ማሽን ወይም ለመስኖ ፓምፕ ወደ ውጭ ገበያ የሚመለከቱ የአካባቢው ድርጅቶች ሁለት የማጓጓዣ ሥርዓቶች እንዳሉ ሊያውቁ ይገባል። በመልቲሞዳል ሥርዓት አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ ዕቃውን ከመነሻው ወደብ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ በራሱ ኃላፊነት ያደርሳል፤ የጉምሩክ ሥርዓቱም በደረቅ ወደቡ ይፈጸማል። በዩኒሞዳል ሥርዓት ግን የባሕሩ ጉዞ ጅቡቲ ላይ ያበቃና ከዚያ በኋላ ያለው የአስመጪው ኃላፊነት ይሆናል። ጅቡቲ ላይ ወኪልና ልምድ ለሌለው አዲስ አስመጪ የመጀመሪያው የተሻለ ነው። መዳረሻ ደረቅ ወደቡ የሚመረጠው ዕቃው በሚታዘዝበት ጊዜ ስለሆነ፣ የምዕራብ ጎንደር አስመጪ ሞጆን በልማድ ከመጻፍ በፊት ወረታ በወቅቱ ያንን ዓይነት ጭነት ይቀበል እንደሆነ አጣርቶ ሊወስን ይገባል።

በመጨረሻም

ተገልጋዮች ለየትኛውም ሕጋዊ አገልግሎት የሚከፍሉት በደረሰኝ መሆኑን፣ ጥያቄአቸው ውድቅ ቢደረግ ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘት መብት እንዳላቸው፣ ቅሬታም በቅድሚያ አገልግሎቱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ክፍል እንደሚቀርብ እናስታውሳለን። ቅሬታ ሲቀርብ የማመልከቻ ቁጥር፣ ቀንና የሰነድ ቅጂ ከተያያዘ ለማጣራት የሚወስደው ጊዜ ያጥራል።

የሱዳን ሰላም ሲመለስ የገላባት መንገድ ዳግም መከፈቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መተማ ሁለት ወደቦችን የምታማርጥ ከተማ ትሆናለች። እስከዚያው ግን ወጪ የሚቀነሰው ጥቅምት ላይ መኪና በመፈለግ አይደለም። ላኪው ሰሊጡ ገና በማሳ ላይ ሳለ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ የገዢውን ውል፣ የመኪናውን ስምምነትና የሰነዶቹን ዝርዝር በጠረጴዛው ላይ ቢያደርግ፣ ምርቱ ከአውድማ በሚነሣበት ዕለት የሚጠብቀው መኪና እንጂ የሚጠብቀው ወረፋ አይኖርም።